አንድም ያልሞተበት ሳህን

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለጉንዳን፣

ይህች ደብዳቤዬ በጤና ታግኝህ፤ ታመህ እንደሆነ ታሽርህ፣ ሰንፈህ እንደሆነ ደግሞ ትቀስቅስህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትህን ባለፈው እሁድ አይቻታለሁ፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ሙሉ ጤነኛ ነው። ልጄ ምነው ድምፁ ጠፋ ብላ እኔን ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ ያንኑ እሷን ልጠይቅ ነበር የሄድኩት።

ዝምድናችን ሲቆጠር ሩቅ ነው። አያቴና የእናትህ አያት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ቅርንጫፍ የሚያውቀው ሽማግሌ ሁሉ አልቋል። ቢሆንም በልጅነትህ ጉንዳን ብዬ ስም ያወጣሁልህ፣ እርሾ በማይክሮስኮፕም መጀመሪያ ያሳየሁህ እኔ ነኝና ዛሬ ሳስቸግርህ አላፍርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካችን ክትባት የሚሆነውን ፕሮቲን ከእርሾ እንደሚያመርት ታውቃለህ። ከሰኔ ወዲህ ምርቱ እየወረደ መጣ። አሁን ጋኑ ውስጥ እርሾው ጢም ብሎ ይበቅላል፣ ፕሮቲኑ ግን የለም ቢባል ይቀላል። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኮሚቴው የያዘው ደግሞ ወጥ ቤቱን ነው። ወጥ ቤቱ የምንለው የእርሾውን ምግብ የሚያዘጋጀውን ሠራተኛ ነው። የምግቡን ውድ ዱቄት እያሾለከ ሸጦ ምግቡን አቅጥኖታል ይሉታል። የጥበቃው ሰው ከረጢት ይዞ ሲወጣ አይቶታል። እሱ ከረጢቱ ባዶ ነበር ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። ከሥራ ታግዷል፤ ጥፋተኛ ከተባለ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ልንገርህ፣ ሰውየውን አልወደውም። አኩራፊ ነው፤ የጠዋት ሰላምታ እንኳን ከኪሱ የሚወጣበት ይመስለዋል። ግን ሌባ ነው ብዬ መማል አልችልም። እኔ የምጠየቀው ለዘር ክፍሉ፣ ጋኑ ለሚጀመርበት እርሾ ነው፤ ዘሬ ደግሞ ጤነኛ ነው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ያስረዳሁትን ላንተም ልድገመው፣ ተሳስቼ እንደሆነ አርመኝ። የእኛ እርሾ ሉሲን የምትባለውን ንጥረ ነገር ራሱ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ፕላዝሚድ አስገባንለት፤ ሁለት ጂን የያዘች ትንሽ ክብ ፈትል። አንዷ ጂን ለእሱ ሉሲን ትሠራለታለች፣ ሌላዋ ለእኛ ፕሮቲኑን ትሠራለች። ምግቡ ላይ ሉሲን እንነፍገዋለን። ፕላዝሚዷን የጣለ በረሃብ ይሞታል፣ የያዘ ይኖራል። ሰብሳቢው ይህን ሰምተው፣ ደመወዝ ማለት ነዋ አሉ። ሳቅሁ፤ ግን አልተሳሳቱም።

እንግዲህ ዘሩን ሉሲን በሌለበት ሳህን ላይ ዘራሁት፤ ሁሉም በቀለ። ፕላዝሚዷ አለች ማለት ነው። ናሙናውን በወረቀት ላይ አድርቄ ልኬልሃለሁ። አንተ በዚሁ ነገር የተማርክ ስለሆንክ መርምረህ ዘሩ ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ማኅተም አስመትተህ ላክልኝ። ስለ ወጥ ቤቱ ምንም አትበል፤ እሱ የራሱን ይወጣ።

ያክስትህ ያህል የሆንኩት፣ እትዬ

ኅዳር 2 ቀን

ለማከብርዎ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ያ የሚጮኸው የዘር ክፍል በር ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴን ስለጠየቁልኝ ያክብርልኝ፤ ደውዬላታለሁ፣ ስለ ምላሷ የጻፉትን ግን አልነገርኳትም።

ናሙናው ደርሷል። ፖስታው ላይ በትልቁ «ምግብ አይደለም» ብለው ስለጻፉበት የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ጭራሽ ጠርጥራ ልትከፍተው ነበር። በሳህን ላይ ዘርቼዋለሁ። ቢያዩአቸው ደስ ይልዎታል፤ ነጫጭ፣ ክብ፣ ወፋፍራም ናቸው። ሉሲን በሌለበትም ሁሉም በቅለዋል፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ይህ ዘር በቀጥታ ከፍሪዘሩ የወጣ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ ብዙ ተዘርቷል? ደግሞስ ፋብሪካው ሲጀመር ከነበረው ዘር የቀረ ይኖራል? ለማነጻጸር ያህል ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።

ወረቀቱ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን የላብራቶሪው ስም ያለበትን ነገር ሁሉ ደጋግሞ ካላነበበ አያሳልፍም። እኔ የምሠራው ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በምንጋራው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የእርሾ መናወጫው ቀኑን ሙሉ አጠገባችን ይንገጫገጫል። የእርስዎን ሳህኖች ከዳር አስቀምጫቸዋለሁ፣ ማንም አይነካቸውም።

አክባሪ ልጅዎ

ኅዳር 20 ቀን

ይድረስ ለጉንዳን፣

ጤናህን ያብዛልኝ፣ ጥያቄህን ደግሞ ይቀንስልኝ። ወረቀት ላክ ብዬ ብጽፍልህ ጥያቄ ላክህልኝ።

ፍሪዘር ብለህ ስትጠይቀኝ አልሰማህም እንዴ ብዬ ገረመኝ። ያ ረዥሙ የመብራት መቋረጥ የመጣ ጊዜ ፍሪዘሩ ቀልጦ የዘሩ ብልቃጦች ሁሉ ሞቱ። ሰዎቹ በቃ ፋብሪካው ተዘጋ ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ከጋኑ ውስጥ የቀረውን ያዳንኩት እኔ ነኝ። ከጋኑ ትንሽ አስቀረሁ፣ በእሷ ቀጣዩን ጋን ዘራሁ፣ ከቀጣዩም እንዲሁ። ሊጥ የሚያቦካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ከትናንቱ ለዛሬ ታስቀራለህ። አዲስ ፍሪዘር ተገዝቶ ሲመጣም አላስፈለገኝም። ሠራተኛው ሁሉ «የእትዬ እርሾ» ነው የሚለው። የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ ፎቶዬም መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፣ አፍንጫዬን አተልቆ ያነሳኝ እንኳን ቢሆን። በሰኔ ጡረታ ስወጣም ክፍሉን በስሜ ሊሰይሙት ነው ይባላል።

አሮጌ ዘር ላልከው፣ መሳቢያዬን ስገለብጥ በመጀመሪያው ዓመት በወረቀት ያደረቅሁት አንድ እሽግ አገኘሁ። ይኸው ልኬልሃለሁ። ይብቀል አይብቀል አላውቅም።

ወጥ ቤቱ በረንዳው ላይ ለኮሚቴው ቃል ሊሰጥ ተጠርቶ ሲጠብቅ አገኘሁት። ሰላም አልኩት፣ ራሱን ነቀነቀልኝ። ሚስቱ አጠገቡ ነበረች፤ እሷ እጄን ይዛ አለቀቀችኝም። የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ከፋብሪካው በሚያገኘው ብቻ እንደሆነና ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ የሌባ ልጅ እየተባለ መዋሉን ነገረችኝ። ኮሚቴው እውነቱን ያወጣል አልኳት። ውሳኔው የካቲት 5 ነው። እባክህ ቶሎ በል።

እትዬ

ታኅሣሥ 27 ቀን

ለማከብርዎ እትዬ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አሮጌው እሽግ በቅሏል። ከአዲሱ ጋር እያነጻጸርኩ ነው። አዲሱ ዘር ሉሲን በሌለበት ይበቅላል፣ ፕሮቲን ግን አይሠራም። ምክንያቱን ገና አላረጋገጥኩም። ሳላረጋግጥ መናገር አልፈልግም።

ብርድ እንዳይመታዎ ይጠንቀቁ።

አክባሪ ልጅዎ

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለጉንዳን፣

ፈጣሪ ያኑርህ። ደብዳቤህ ከመድኃኒት ቤት ወረቀት አጠረች። ልጅ ሆነህም አንድ ነገር ስትሰብር ጥያቄ ታቆም ነበር። አሁን አንድም ጥያቄ አልጠየቅከኝም።

ልብ በል፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ይበቅላል ፕሮቲን ግን አይሠራም ካልክ ነገሩ ከምግቡ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ምግቡ ካልሆነ ዘሩ ነው። ዘሩ ደግሞ የኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ለመሄድ ሐሳቤ እምቢ ብሎኛል። መግቢያው ላይ ያለውን ፎቶዬን አንገቴን ደፍቼ ማለፍ ጀምሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኳትም።

እስቲ ስማኝ። ያንን ወረቀት ለጊዜው ተወው። ኮሚቴው ስምህን ከእኔ ሰምቶ በቀጥታ ሊጽፍልህ ነው ተብሏል። ቢጽፉልህ አትመልስላቸው፤ ሥራ በዝቶብኛል በል፣ ለእኔ ብለኸው የለ። እኔ ጡረታዬን ልውጣ፤ እነሱ በራሳቸው ይድረሱበት። ወጥ ቤቱም ቢሆን ሌላ ሥራ አያጣም፤ ጉልበት አለው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልቀደው ነበር። አልቀደድኩትም። ለእኔ ግን እውነቱን ጻፍልኝ፣ ለእኔ ብቻ። ምንም ሳትቀንስ።

እትዬ

ጥር 21 ቀን

ለማከብርዎና ለምወድዎ እትዬ፣

እንደምን አሉልኝ? አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። ምንም አትቀንስ ስላሉኝ አልቀንስም።

ሁለቱንም ናሙና መጀመሪያ ሉሲን በሞላበት ምግብ አጠገብኳቸው። እርሾ ሲጠግብ ፕላዝሚዷን መሸከም ስለማይጠቅመው አንዳንዱ እየጣላት ይሄዳል። ከዚያ ሁለቱንም ሉሲን ወደሌለበት ሳህን መለስኳቸው። ከአሮጌው ዘር ፕላዝሚዷን የጣሉት ሞቱ፣ የያዙት ኖሩ። መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ከአዲሱ ዘር ግን አንድም አልሞተም። ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበር። እኔ ስህተት የሠራሁ መስሎኝ ደገምኩት። አሁንም አንድም አልሞተም። እትዬ፣ እንደዚያ ሳህን ያስደነገጠኝ ነገር የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። እርሾ ከሚመሳሰሉ ሁለት ፈትሎች የአንዱን ቁራጭ ቆርጦ በሌላው ላይ የመቀጠል ልማድ አለው። ጋኑ ውስጥ ካሉት አንዷ ሴል የሉሲኗን ጂን ከፕላዝሚዷ ላይ ወስዳ በራሷ ክሮሞሶም፣ ማለት በተፈጥሮ ፈትሏ ላይ፣ የተበላሸችው የራሷ የሉሲን ጂን በነበረችበት ቦታ ተካቻት። ከዚያ በኋላ ፕላዝሚዷን ጣለቻት። የሚያበላትን ጂን አስቀርታ ለእኛ የምትሠራውን አሰናበተች። ሸክም ስለሌለባት ከሌሎቹ ፈጥና ትባዛለች፤ በእርስዎ ሳህን ላይ ደግሞ ጤነኛ ትመስላለች፣ ምክንያቱም ሳህኑ የሚጠይቀው ሉሲን መሥራት መቻሏን ብቻ ነው።

በአንድ ጋን ብቻ ቢሆን ጉዳቱ አይታይም ነበር። ከጋን ወደ ጋን ሲያስቀሩ ግን በእያንዳንዱ ዙር የእሷ ወገን እየበዛ፣ ፕሮቲን የሚሠራው ወገን እያነሰ ሄደ። አዲሱ ፍሪዘር የመጣ ጊዜ ዘር አኑረው ሁልጊዜ ከዚያ ቢጀምሩ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። የወጥ ቤቱ ምግብ ትክክል ነው። በላኩልኝ ወረቀት ላይ ካለው ከአሮጌው ዘር ዛሬ ቢጀምሩ በእሱ ምግብ ፕሮቲኑ ይመለሳል።

አሁን የከበደኝን ልንገርዎ። አትመልስ ያሉበት ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ የኮሚቴው ጥያቄ ደረሰኝ፤ ቀነ ገደብም ነበረው። ስለ እርስዎ አሰብኩ፤ ስለ ጡረታዎ፣ ስለ ፎቶዎ፣ በስምዎ ሊሰየም ስለታሰበው ክፍል። «ከደረሱኝ ናሙናዎች የምርቱን መቀነስ ምክንያት መለየት አይቻልም» ብዬ ጽፌ፣ የላብራቶሪውን ማኅተም ራሴ መትቼ ላክሁላቸው። ለአለቃዬ አላሳየሁትም፤ ቢያነበው አይፈርምበትም ነበር። ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው፤ እርስዎንም ሰውየውንም።

የሚወድዎ ልጅዎ

የካቲት 8 ቀን

ለጉንዳን፣

ሰላምታውን ዛሬ ይለፈኝ።

ደብዳቤህ ውሳኔው ሊሰጥ ሲል ደረሰችኝ። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ባንተ ላይ፣ በዚያች በሴሏ ላይ፣ የምስጋና ወረቀቱን በሰጡኝ ላይ። ቀጥሎ አለቀስኩ። ያንን ሁሉ ዙር ከጋን ወደ ጋን በእጄ ያሻገርኩት እሷን ነው፤ በጭብጨባ። ከዚያ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩና ወደ ኮሚቴው ገባሁ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የዘር ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ፍሪዘር ሲገዛልኝ ትቼ ከጋን ወደ ጋን እያስቀረሁ ዘሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሰውየው የሠራው ምግብ ልክ ነው አልኳቸው። አንተ ስለ ሳህኑ የጻፍከውንም እንደገባኝ አስረዳሁ። ሰብሳቢው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት አነሱና ጮክ ብለው አነበቡት። ያንተ ነበር። «መለየት አይቻልም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። የራስዎ ዘመድ፣ የሙያው ሰው፣ አይታወቅም እያለ እርስዎ ከየት አወቁት አሉኝ።

የጻፍክልኝን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አልነኩትም። የዘመድ ደብዳቤ ማስረጃ አይሆንም፣ ማኅተም ያለው ይኸኛው ነው አሉ። ቀጥለውም ልቤ ሩህሩህ እንደሆነ እንደሚያውቁ፣ ለአንድ ሠራተኛ ብዬ የኖርኩበትን ስም ማበላሸት እንደሌለብኝ፣ ደክሞኝም ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። አንዱ ውኃ ቀዳልኝ። እድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ተከብሬና ተንቄ አላውቅም።

ሰውየው እንዲሰናበት ተወሰነ። ክሱም ይቀጥላል። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከውስጥ የተናገርኩትን በበሩ ሰምቶታል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቆመና፣ «ምግቡ ልክ ነበር አይደል እትዬ?» አለኝ።

«ልክ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሚስቱ ግን ዘወር ብላም አላየችኝ።

እኔ ራሴ አትመልስላቸው ብዬህ ነበርና አንተን ብቻ አልወቅስም። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ታውቃለህና ፈራህልኝ። ግን የኔን ስም ያተረፍክ መስሎህ የሰውየውን ሸጥከው፤ እኔም ባልናገር ኖሮ አብሬህ ሸጬው ነበር። የይግባኙ ቀን መጋቢት 6 ነው። እውነቱን ጻፍ፤ በማኅተም፣ በፊርማ፣ አለቃህ አንብቦት። «የዘር ክፍሉ ኃላፊ» ብለህ አትሸሽገኝ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍ።

እትዬ

የካቲት 24 ቀን

ለማከብርዎ እትዬ፣

ዛሬ ጠዋት በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ። ለአለቃዬ መጀመሪያ የላክሁትን ወረቀት አሳየሁት። በላብራቶሪው ማኅተም የማታምንበትን ነገር ለምን ፈረምክ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለዘመዴ ብዬ ነው አልኩት። የላብራቶሪውን ቁልፍ መልሼ እንድሰጠውና ነገሩ እስኪጣራ ቤት እንድቀመጥ ነገረኝ። አዲሱን ወረቀት ግን ሳህኖቹን በዓይኑ አይቶ፣ መስመር በመስመር አንብቦ፣ ከእኔ ፊርማ ሥር ፈርሞበታል።

ወረቀቱ የሚጀምረው የምግብ አዘጋጁ ሥራ ትክክል እንደነበረ በመናገር ነው። ቀጥሎ ዘሩ እንዴት እንደተበላሸ ያስረዳል። ቀጥሎ ስምዎ ከነአባትዎ አለ። እሱን ስጽፍ እጄ ደጋግሞ ቆመብኝ፤ ጨርሼዋለሁ። መጨረሻው ላይ የመጀመሪያው ወረቀቴ ውሸት እንደነበረና ስጽፈውም ይህን አውቅ እንደነበር አስፍሬያለሁ።

ከመጋቢት 6 በፊት ይድረስ አይድረስ አላውቅም። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ሊደርስ ይችላል ነው ያለችኝ።

ለሰውየውም ለብቻው ጽፌለታለሁ። አድራሻውን ስለማላውቅ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ እባክዎ በእጁ ይስጡልኝ። ሳያነበው ቢቀደውም አይቆጡት።

ልጅዎ